የአንድ ቃል ወንፈል

አባቴ በሕይወቱ የያዘው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ብቻ ነው። እሱንም የያዘው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን ማማ ላይ ቆሞ የግሪሳ ወፍ ሲያባርር ነው። ቃሉ «ጌት» ይባላል። መዝገበ ቃላት ገልጦ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ይህ ግስ ማረፊያ የለውም፤ ማግኘት ነው ሲሉት መሆን ይሆናል፣ መሆን ነው ሲሉት መድረስ፣ መድረስ ነው ሲሉት መነሳት ወይም መውረድ። ሌላው ሰው ሲያየው ሰዋስው ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ የሚታየኝ ግን የቆቦ ማሽላ፣ ወንጭፍና የአባቴ ጥምጥም ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ታላቋ እኔ ነበርኩ፤ በመሀል አግብቼ ፈትቼ ነበርና። ገና በልጅነቴ ጎብዬ ከተማ ለሚኖር የእህል ነጋዴ ተዳርኩ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁን አንስቶብኝም አያውቅም። ብቻ ሁለተኛ ሚስት ሲያመጣ ለእኔ መንገሩን ረሳው። አዲሷ ሙሽራ ደጃፌ ላይ ቆማ «እንዴት ዋልሽ» ስትለኝ ነው ነገሩን የሰማሁት። «ደኅና፣ አልሃምዱሊላህ፤ ግቢ» አልኳትና ልብሴን ቋጥሬ በተገኘው አውቶቡስ ቆቦ ገባሁ። ቁጡ ነሽ ይሉኛል። እውነት ነው፣ ቁጡ ነኝ።

አባቴ አልተቆጣኝም፤ ደስም አላለውም። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ቤቱ ሴት አጥቶ ነበር። «እንግዲህ ቁጭ ብለሽ ከምትቆዝሚ ያቋረጥሽውን ጨርሺ» ብሎ ትምህርት ቤት መለሰኝ። ልጆቹ «እትዬ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፣ በኋላ ግን የምር ሆነ። በሒሳብ የሚደርስብኝ አልነበረም። ጎብዬ ከሚዛን አጠገብ ተቀምጬ ያሳለፍኳቸው ዓመታት ያተረፉልኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ከሁሉም ኋላ ነበርኩ፤ ማትሪክ ደግሞ ያለ እንግሊዝኛ አይታለፍም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ጠመኔው እስከ ቅንድቡ የሚደርስ ቀጭን ወጣት ነበር። መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ አንድ እንኳ አይዳረስም። አንድ ቀን ያሉትን መጻሕፍት ሰበሰበና ጠረጴዛው ላይ ከምሮ፣ ሰሌዳው ላይ ያችን አንድ ቃል ብቻ ጻፈ።

«ይችን ቃል ከነጓዟ የያዘ ሰው እንግሊዝ አገር ቢጥሉት አይራብም» አለ። «ፈተናውም በእሷ የተሞላ ነው።»

ከዚያ ቃሏን እንደ ቅርጫ ሥጋ ደለደለልን፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ መደብ። ለአንዱ «ጌት አፕ» ደረሰው፣ ከመኝታ መነሳት፤ ክፍል ውስጥ የሚተኛው እሱ ስለነበር ሁላችንም ሳቅን። ለሌላው «ጌት ማሪድ»፣ ማግባት፣ ደረሰውና ዓይን አፋር ስለነበር ዴስኩ ሥር ሊገባ ቃጣው። ለጓደኛዬ «ጌት ዳርክ»ና «ጌት ኦልድ» ደረሷት፤ መጨለም፣ ማርጀት፣ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው መሆን በሙሉ የእሷ ሆነ። ለእኔ መድረስ ተሰጠኝ። «ጌት ሆም» ቤት መድረስ፣ «ጌት ዜር» እዚያ መድረስ። ለየድርሻችን ምሳሌ ከኑሯችን እየለቀምን ለሌላው ማስተማር የእኛ ፋንታ ነበር።

«ቲቸር፣ አንድ ቃል እንዴት ይህን ሁሉ ይሸከማል?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ተናድጄ ነበር።

ጓደኛዬ አስተማሪውን ቀደመችው። «እትዬ፣ እኛስ? ማኅተም እንመታለን፣ ክራር እንመታለን፣ ብርድ ይመታናል። መች ተቸገርን?»

ይህች ጓደኛዬ ወላጆቿ ከደቡብ ትግራይ መጥተው አውራ ጎዳናው ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ክርስቲያኖች ናቸው። ምላሷ እንደ አባቷ መቀስ ነው። ከክፍሉ ሁሉ የወደድኳት እሷን ነበር፤ አፍ ለአፍ የምትገጥመኝ እሷ ብቻ ነበረችና።

በዚያው ሰሞን ነገር ተደራረበብኝ። መጀመሪያ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። አንባቢን እንዳላስጨንቅ አሁኑኑ ልናገር፤ ዘግይቶ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ ግን ተመልሷል። ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ስሙን መጥራት ትቶ ነበር፤ ሳህኑን ግን ከመደርደሪያው እንዳነሳ አልፈቀደልኝም።

ቀጥሎ ከሮቢት ሽማግሌዎች መጡ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ደኅና በሬዎች ያሉት፣ ጨዋ ነው የሚባል ሰው እኔን ፈልጎ ላካቸው። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ ወንድ ልጁ ጦር ሜዳ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ፈት ሴት ተቀምጣለች። ምን ይበል? «አጨዳው ይለፍና ኑ፤ ያኔ እንነጋገራለን» አላቸው። ይህ በእኛ አገር ግማሽ እሺታ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ነው።

«አባዬ፣ ማትሪኩን ልፈተን» አልኩት ሲሄዱ።

«ልጄ፣ ፈተናው ገና የትና የት ነው። አጨዳው ግን ደጃችን ላይ ነው። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይጠብቅሽ?»

«አግብቼ አየሁት እኮ!»

«አንዴ የፈረሰ ቤት ሁለተኛ አይሠራም ያለሽ ማነው?»

የምፈልገው ነገር ግን ለእኔ ግልጽ ነበር። ማትሪክ አልፌ አስተማሪ መሆን፣ በራሴ ደመወዝ የራሴን በር መቆለፍ። ሌላ ሙሽራ መጥታ «እንዴት ዋልሽ» የማትለኝ በር። አጨዳው ከፈተናው ቀድሞ ከደረሰ ግን የምቆልፈው በር ሮቢት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ወፉ መጣ። ቆላ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ እንደ ደመና ይወርዳል። ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ካልተጠበቀ፣ ከዛላው ላይ የሚቀረው ገለባ ነው። ማሳው መሀል አራት ግንድ ተተክሎ በላዩ ርብራብ ይደረጋል፤ ማማ የሚባለው እሱ ነው። እዚያ ላይ ተቁሞ በወንጭፍ የደረቀ ጭቃ እየተወረወረ ጉሮሮ እስኪዘጋ ይጮኻል። ይህ የወንድሜ ሥራ ነበር። አባቴ በዚያ ጉልበቱ ማማ መውጣት አይሆንለትም። ትምህርታችን ደግሞ የጧት ፈረቃ ነው። እናም ልጆቹ ክፍል ሲገቡ እኔ ማማ ላይ መውጣት ጀመርኩ።

የሚያስቀው ነገር፣ የምጠብቀው ማሽላ ሲደርስ እኔም ለሮቢት መድረሴ ነው። ካልጠበቅሁት ደግሞ የምንበላው የለም። ስለዚህ ወፉን ባለ በሌለ ኃይሌ አባርርና፣ ከማማው ስወርድ ዛላውን ዳበስ አድርጌ «እባክህ ቀስ በል» እለዋለሁ። የሰማኝ ዛላ ግን አልነበረም። በየቀኑ ይጠነክራል፣ በየቀኑ ይቀላል።

ከክፍል መቅረቴ ሲበዛ ጓደኛዬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥላ ይዛ ማሳው ድረስ መጣች። በላስቲክ ጫማዋ እየተንሸራተተች ማማው ላይ ወጣች።

«እዋይ! ከዚህ ላይ ወልድያ ይታያል?»

«ምን አመጣሽ?»

«ድርሻዬን። ያንቺንም ልወስድ።»

አጠገቤ ቁጭ ብላ መሆንን አስተማረችኝ። ፊታችንን ወደ ዞብል ተራራ አዙረን፣ ፀሐይዋ በስተኋላችን ስትጠልቅ፣ ማሽላው ላይ ጥላ ሲረዝም፣ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» አለችና ወደ ሰማዩ ጠቆመችኝ። መጽሐፉ ላይ ስንቴ አንብቤ ያልገባኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጨለማው ገና አልመጣም፣ ግን መንገድ ላይ ነው። እኔም በተራዬ ቤት መድረስንና እዚያ መድረስን ነገርኳት። ልትሄድ ስትል ዘወር አለች።

«ነገ ጧት እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ ክፍል ግቢ።»

«አንቺ? ጨርቅ ሻጭ ስለ ወፍ ምን ታውቂያለሽ?»

«መጮኽ አውቃለሁ። በነጻ ግን እንዳይመስልሽ። ወንፈል ነው። ሒሳብ ትመልሽልኛለሽ።»

ወንፈል የገበሬ ደንብ ነው። ዛሬ አንተ መጥተህ የእኔን ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ መጥቼ ያንተን አጭዳለሁ፤ ቀን ለቀን፣ ጉልበት ለጉልበት። ዳኛም ምስክርም አያስፈልገው። ነገር ግን ወንፈል ተቀብሎ ያልመለሰ ሰው፣ ወንፈል በላ ይባልና በሚቀጥለው አጨዳ ማሳው ላይ ብቻውን ይቆማል። የከተማ ልጅ ይህን ከሱቅ ጀርባ ሆና እንዴት እንደተማረችው አላውቅም። አቅፌ ሳምኳት።

በማግስቱ ጧት የወረወረችው የመጀመሪያ ጭቃ ወደ ኋላ ሄዶ አባቴ አጠገብ የተቀመጠውን የውኃ ቅል ሰበረው።

«ቢስሚላህ!» አለ አባቴ ከተቀመጠበት እየዘለለ። «ይቺ ልጅ የምትጠብቀው ወፉን ነው እኔን?»

ወንጭፉን ተቀብሎ አያያዙን አሳያት። እኩለ ቀን ላይ ከክፍል ስመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ፊቷ አቧራ ለብሶ፣ ግን አንድ ወፍ እንኳ ሳታሳርፍ አገኘኋት። አባቴ ሌላ ቅል አምጥቶ ውኃ ሰጣት።

ወሬው ክፍል ውስጥ ለመዛመት ጊዜ አልፈጀበትም። ከገበሬ ቤት የመጡት ልጆች ወንፈልን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የሒሳብ ፈተና ደግሞ ሁሉንም ያስፈራቸዋል። በየተራ አንድ አንድ ጧት ሊሰጡኝ ተስማሙ፤ እኔ ከሰዓት በኋላ ማማው ሥር ሒሳብ ላሳያቸው። አስተማሪያችንን ሲያስፈቅዱት ጠመኔውን አስቀምጦ ጥቂት አሰበ።

«የቀረ ሰው ድርሻውን እዚያ ይጩህ» አለ። «ማማውም ክፍል ነው።»

ጮኹ! «ጌት አፕ» የደረሰው ልጅ ከሁሉ ቀድሞ በጎህ እየመጣ «ጌት አፕ! ጌት አፕ!» ሲል ወፉም ሰዉም ይነሳል። ያ ዓይን አፋር «ጌት ማሪድ»ን ሰው በሌለበት ማሳ ላይ ሲለማመድ ድፍረት አገኘ፤ በኋላ እውነትም ከሁላችን ቀድሞ አገባ። መውጣት የደረሰው ደግሞ ወንጭፉን ከራሱ በላይ እያሽከረከረ «ጌት አውት! ጌት አውት!» ይል ነበር። ከዚህ የመጣውን ጉድ ሳልናገር አላልፍም።

ያ ጊዜ መፈክር የማያልቅበት ጊዜ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ በጠራ ቁጥር አዲስ መፈክር ይመጣል፤ ግራ እጅን አንስቶ አለመመለስ ደግሞ ነገር ያስከትላል። አጠገባችን ያለውን ማሳ የሚጠብቀው ጎረቤታችን ይህን ጩኸት ሰማ፤ ክንዱን ሽቅብ ያነሳ ተማሪም አየ። አዲሱ መፈክር ይህ ነው ብሎ ማማው ላይ ቀጥ አለና ግራ እጁን አንስቶ «ጌት አውት!» ብሎ መለሰ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከእሱ ተቀበለ። እንዲህ እንዲህ እያለ መፈክሩ በየማማው እየተላለፈ ወደ ሆርማት ወንዝ ወረደ። ያን ቀን ጧት ቆላው በሙሉ በእንግሊዝኛ ሲጮኽ አረፈደ፤ ወፉም መድረሻ አጣ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ወደ አባቴ ተጠግቶ አንሾካሾከ። «ውጣ የሚባለው የትኛው ጠላት ነው?»

«ግሪሳ» አለው አባቴ።

«ወላሂ ለእሱስ ግራ እጄን ብቻ አይደለም፣ እግሬንም አነሳለታለሁ!»

አባቴን ከወንድሜ መሄድ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቁን ሳይጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ለመሆኑ ይቺ ቃላችሁ የማትሆነው ምን አላት? አንዱ ሲነሳ ይላታል፣ አንዱ ሲወጣ ይላታል፣ ሲመሽ እሷ፣ ሲያረጅ እሷ፣ ሲያገባ እሷ። የማይልካት የለም። ፈት ሴት ናታ!»

ይህን ብሎ አየኝና ደነገጠ። እኔ ግን እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ እውነቱን ነበርና። ፈት ሆኖ አባት ቤት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ የታመመ ጠያቂ እሷ፣ የወለደች አራሽ እሷ፣ ለቅሶ ደራሽ እሷ፣ የራሷ ጉዳይ ግን የማንም አይደለም።

«አባዬ፣ ቲቸር ግን ያለ እሷ ማንም እንግሊዝ ቤቱን አያቆምም ብሏል» አልኩት።

«እሱስ እዚህም ያው ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወደ ጥምጥሙ ጫፍ እያየ። ከአባቴ አፍ ከዚያ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ወደ ማታ ገደማ፣ ወፉ ወደ ማደሪያው ሲመለስ፣ ማማው ሥር ተቀምጠን ሳለ ጠየቀኝ። «ሁሉም ድርሻውን ሲጮኽ ሰማሁ። ያንቺ ግን የትኛው ነው?»

«መድረስ ነው። ‹ጌት ሆም› ቤት መድረስ፣ ቤት መግባት። ‹ጌት ዜር› ደግሞ እዚያ መድረስ፣ የሄዱበት መድረስ።»

ሁለቱንም አስደገመኝ። የመጀመሪያውን ከንፈሩ ላይ ደጋግሞ ሞከረው፤ ሁለተኛውን ተወው።

ከዚያ በኋላ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ልጆቹ ከታች እየደገፉት፣ አንዳንድ ቀን ማማው ላይ መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ ድምፁን ከሩቅ ሰማሁት። «ጌት ሆም! ጌት ሆም!» ይላል። ሮጥኩ።

«አባዬ፣ ተሳስተሃል። እንዲህ ስትል እኮ ቤት ግቡ ማለትህ ነው። ለወፍ አይባልም።»

«ለወፎቹ ነው ያለሽ ማነው?»

ያኔ ነው ወዴት እንደዞረ ያስተዋልኩት። ጀርባውን ለማሳው ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ አላማጣ መንገድ አዙሯል። ወንድሜ የሄደው በዚያ ነበር። ለወሬ ያህል ብቻ «ሁለተኛይቱንስ ለምን አትላትም?» አልኩት።

«እሷ ለሚሄድ ሰው ናት» አለ። «ከእንግዲህ የሚሄድብኝ ሰው አልፈልግም።»

እኔም እሄዳለሁ ብዬ የምመኝ ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ከማማው ሥር ጭቃ ስጠፈጥፍ ዋልኩ፤ ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።

ማሽላው ደረሰ። ታጨደ፣ ተወቃ። እንዲያ ያለ ምርት ከማሳችን ወጥቶ አያውቅም ይል ነበር አባቴ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጆንያ በሞላ ቁጥር ሮቢት ይታየኝ ነበር። አውድማው ሳይጠረግ ከሮቢት ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እኔም ወደ መጋረጃዬ ጀርባ ተመለስኩ።

ምግብ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አጨዳውም አለፈ፣ ወፉም ሄደ፤ አልሃምዱሊላህ። አጨዳው ይለፍና ኑ ብለኸን ነበር። ያንን ቃልህን ይዘን መጥተናል።»

ጥርሴን ነክሼ መጋረጃውን ያዝኩ።

«ቃሌን አላጥፍም» አለ አባቴ። «ነገር ግን ልጄ ወንፈል አለባት።»

«የምን ወንፈል? አጨዳው አልቆ የለም እንዴ?»

«የልጆቹ ወንፈል ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የነጋዴውም የገበሬውም ልጅ ጧቱን እየተወ ማሽላዬን ጠበቀልኝ። አሁን የበላነው እንጀራ የእነሱ ጩኸት ነው። እሷ ደግሞ ሒሳብ ልትመልስላቸው ነው የተቀበለችው፤ እስከ ፈተናቸው። አብረው ገብተው አብረው እስኪወጡ ወንፈሏ አልተመለሰም። ዛሬ ብሰጣችሁ የምሰጣችሁ ወንፈል የበላች ሙሽራ ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ ጺማቸውን ዳበሱ። እሳቸውም ገበሬ ናቸው፤ ነገሩ የሚገባቸው ሰው ናቸው።

«ወንፈል የበላችማ ለእኛም ለአጨዳችን አትሆነንም» አሉ ቀስ ብለው። «ሀቅ ነው። ከፈተናው በኋላስ?»

«ከፈተናው በኋላ ራሷን ጠይቋት። ባለፈው እኔ መልሼላት ምን እንደተገኘ ጎብዬ ሄዳችሁ ጠይቁ።»

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሊወስዱኝ የመጡት ሰው «አላህ ፈተናውን ያሳልፋት» ብለው መረቁኝ። ከሁሉ ጮክ ብሎ «አሚን» ያለው አባቴ ነው። እኔ መጋረጃውን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ልክ እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ይህን ሰው ስንት ቀን አኩርፌው ነበር!

ወንፈሉን መለስኩ። በጋውን በሙሉ ከሰዓት በኋላ ባዶው ማማ ሥር ጥላ ፈልገን ተሰበሰብን። እኔ ሒሳብ አሳያቸዋለሁ፣ እነሱ የየድርሻቸውን ይሰጡኛል። ፈተናው ላይ «ጌት» መጣች ወይ? መጣች። አስተማሪያችን እንዳለው ግን አልሞላችውም። በመጣች ቁጥር ግን ትርጉሟን ከመፈለጌ በፊት የማን እንደሆነች ነበር የማያት። ይቺ የእንቅልፋሙ ናት፣ ይቺ የዓይን አፋሩ፣ ይቺ የጓደኛዬ፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ያሳየችኝ።

ሁላችንም አላለፍንም። ጓደኛዬ አለፈች፣ እንቅልፋሙም ለሁሉ ግርምት አለፈ። እኔ በሒሳብ ከሁሉም በለጥኩ፤ የእንግሊዝኛን ማለፊያ ደግሞ ለጥቂት ነካሁት፤ መንካቴ በቃኝ። ለመምህርነት ሥልጠና ደሴ ተመደብኩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ተመልሰው መጡና ራሴን ጠየቁኝ፤ እኔም በአክብሮት አይሆንም አልኳቸው። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሌላ አገባ። ደግ ባል ሆነ ይላሉ፤ እሰየው።

ደሴ የምሄድበት ቀን ሲደርስ ማሽላው ደግሞ ወተት ይዟል። ጎረቤቶቻችን ለአባቴ ጉልበት የሚመች፣ ዝቅ ያለ መወጣጫ ያለው ማማ ሠርተውለት ነበር። ያን ቀን ጧት ደጃችን ላይ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ዱዓ አደረገልኝ።

«በይ እንግዲህ። እኔ ወፌን ልሂድ» አለ።

«መናኸሪያ አትሸኘኝም?»

«ወፉ ይጠብቀኛል?»

ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያነከሰ ሄደ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ቁጣዬን ታውቁታላችሁ። ጓደኛዬ ሻንጣዬን ይዛ መናኸሪያ ስታደርሰኝ መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ ነበር። አንድ ጧት ለሴት ልጁ ይሰስታል? እሷ በተራዋ እስክትመደብ ቆቦ ስለምትቆይ «እኔ እጠብቅለት ነበር እኮ፤ ትናንት ሄጄ ብለምነው እንቢ አለኝ» አለችኝ። ይህን ስሰማ ጭራሽ ባሰብኝ።

አውቶቡሱ ተነሳ። ማሳችን ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ እዚያ ጋ መንገዱ ደረቅ ወንዝ ስለሚያቋርጥ መኪና ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማማውን ላላይ ብዬ ፊቴን አዙሬ ነበር። ድምፁን ሰማሁና መስኮቱን ከፈትኩት።

አባቴ አዲሱ ማማ ላይ ቆሟል። ወንጭፉ ትከሻው ላይ እንዳለ ነው፤ ወፉ ከበስተኋላው ማሽላው ላይ ሰፍሯል፣ እሱ ግን አላየውም። ዓመት ሙሉ ወደ ሰሜን ሲያዞረው የነበረውን ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ወደ እኔ አዙሯል። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ድምፁ ይጮኻል።

«ጌት ዜር! ጌት ዜር!»

አጠገቤ የተቀመጡት እናት አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አሰገጉ። «ምነው ልጄ፣ እኚያ ሰውዬ ወፉን በምን ቋንቋ ነው የሚያባርሩት?»

«ወፉን አይደለም» አልኳቸው።